ቀለሙን ማን ይፍቀው?

ቄራ የሚኖር ሰው የቆዳን ሽታ ሳይወድ በግድ ይለምዳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነውና፣ ነፋሱ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ የሰፈሩ ሰው ወሬውን ይቀጥላል። እውነተኛ ቆዳ በየሌሊቱ ከሥጋ በሚለይበት በዚህ ሰፈር ተቀምጬ ስለ ሐሰተኛ ቆዳ ለመጻፍ መነሣቴ ለእኔም ትንሽ ያስቀኛል። ነገሩ ግን የምር ነው። ልናገር የፈለግሁት መኪና ውጪዋ ሲቀባ ውስጧ ባለው ቪኒል ላይ ስለሚያርፈው የቀለም ብናኝና ስለ አነሣሡ ነው። «የግጥምና የልቦለድ ወዳጅ ከዚህ ምን ያገኛል?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ እለምናለሁ።

መኪናዋ የአባቴ ላዳ ናት። የዘር ሐረጓ ሩቅ ነው። ፊያት 124 የተባለችው የጣሊያን መኪና ንድፏ ለሶቪየት ኅብረት ተሰጥቶ፣ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ተመረተች፤ ወደ ውጭ ስትሸጥም ላዳ ተባለች። እኛ አገር ገብታ ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ ሆነች። ከጊዜ በኋላ «ላዳ» የሚለው ቃል የመኪና ስም መሆኑ ተረስቶ ለአዲስ አበባ ሰው የኮንትራት ታክሲ ማለት ሆነ። የሚገርመኝ፣ እዚህ ስትታመም የሚያክሟት ሰዎች አፍ በጣሊያንኛ የተሞላ መሆኑ ነው፤ የተጨረማመተ አካሏን የሚያቃናው ባትላሜራ ነው፣ ጎድጓዳዋ የሚሞላው በስቱኮ ነው። ሩሲያ ተወልዳ ቄራ ላይ የአያቷን ቋንቋ ትሰማለች።

አባቴ ይህችን መኪና ከሃያ ዓመት በላይ ነድቶ እኔንና ወንድሜን አስተማረባት። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ታናሽ ወንድሜ ከታክሲነት አውጥቶ የቤት መኪና ሊያደርጋት፣ ገዢ ከመጣም ሊሸጣት አሰበ። ሐሳቡን አልነቀፍሁም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለችን አሮጊት አጥቦና ቀብቶ ማቆየት የብልህ ሥራ እንጂ የንፉግ አይደለም። ሰማያዊዋ ጠፍቶ ሙሉ ነጭ እንድትሆን ተወሰነ።

ስሙን ወደማልጠራው አንድ ጋራዥ ሰጠናት። በዘጠነኛው ቀን ስንረከባት ውጪዋ እንደ ስኳር ነጥቷል። በሩን ስከፍት ግን ወፍጮ ቤት ያደረች መሰለችኝ። ዳሽቦርዱ፣ መሪው፣ የበሮቹ የውስጥ ልባስ፣ የኋላ መቀመጫው ትከሻ ሁሉ በደቃቅ ነጭ ነጠብጣብ ተሸፍኗል። በእጄ ዳሰስሁት፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። አባቴ መንገድ ሲዘጋበት አውራ ጣቱን እያሸ ያለሰለሳት የመሪው ጥግ እንኳ ሻክራለች።

አቤት ስንል የተሰጠን መልስ አጭር ነበር፤ «ቀለም ቤት ገብቶ ቀለም ሳይነካው የወጣ የለም።» ከሠራተኞቹ አንዱ ሊያጽናናን ፈልጎ «ይሄማ በቲነር አንድ ጊዜ ነው» አለና ጨርቅ ነክሮ፣ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ክዳን ጠረገው። ነጩ ወዲያው ለቀቀ። ጨርቁ ግን ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። ክዳኑ ላይ መዳፍ የምታህል፣ የምታብረቀርቅ፣ ጣት ያዝ የምታደርግ ልሙጥ ጠባሳ ቀረች። ልጁ «ነጩ ግን ለቋል» አለኝ፤ አልዋሸም። ሁለተኛው ምክር መቀመጫውን ሽፋን ማልበስ፣ ዳሽቦርዱንም ምንጣፍ ማልበስ ነበር። ወንድሜ በዚህኛው ተስማማ። እኔ ቁልፉን ተቀብዬ ይዣት ሄድሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ ብናኝ ይፋቃል እንጂ አይሸፈንም፣ በቲነርም አይታጠብም። ምክንያቱ ስሜት ብቻ እንዳይመስል ስለ ቪኒል የማውቀውን ላስረዳ። ቪኒል ብቻውን ሲሆን ደረቅና ተሰባሪ ፕላስቲክ ነው። እንደ ቆዳ የሚተጣጠፈው ዘይት መሰል ማለስለሻ ስለሚቀላቀልበት ነው። ከፊቱ የምናየው የቆዳ መሰል ሽብሽብም በሙቀት የታተመበት ስስ ምስል ነው። ቲነር ደግሞ መርጦ አያውቅም፤ የቀለሙን ሙጫ ሲያሟሟ የቪኒሉንም ፊት ያሟሟል፣ ማለስለሻውንም መጥጦ ይወስዳል። ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ፊቱ ይደርቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ ፀሐይ የምትወርደው ብዙም ሳትጣራ ነውና፣ ማለስለሻውን ያጣ ዳሽቦርድ በመስታወት ሥር ውሎ ውሎ ይሰነጠቃል።

ብናኙ ራሱ ግን ደካማ ነው። ከመርጫው ወጥቶ ዒላማውን የሳተ ጠብታ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ መንገድ ላይ መድረቅ ይጀምራል፤ ሲያርፍም እንደ አቧራ ይቀመጣል እንጂ እንደ ቀለም ተዘርግቶ አይጣበቅም። ሥር አልሰደደም። እንግዲህ በቲነር የሚያጥበው ሰው ደጃፍ ላይ የተቀመጠ እንግዳን ለማስነሣት ቤቱን የሚያቃጥል ነው።

ለነገሩ ብናኙ መጀመሪያውኑ ባይገባስ? ልጅ ሳለሁ ጋራዥ ውስጥ የማስታውሰው ከቲነሩ ሽታ ቀጥሎ ጋዜጣ ነው። መስታወቱ፣ ጎማው፣ የፊት መብራቱ፣ የበሩ ክፍተት ሁሉ በጋዜጣና በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን ነበር። የአዲስ ዘመን ገጽ ሰፊ ስለሆነ ለፊት መስታወት ይመረጣል፤ የአዲስ አድማስ ለበር። የመጀመሪያ ግጥሜ በአንድ ጋዜጣ ስትወጣ አምስት ቅጂ ገዝቼ ለዘመድ አዳረስሁ። ወር ሳይሞላ በአንዲት ቮልስዋገን የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፋ፣ ግማሽ አካሏ ቀይ ሆኖ አገኘኋት። ያን ቀን አዝኜ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከጻፍኋቸው ሁሉ አንድ ጠቃሚ ሥራ የሠራች እሷ ብቻ ትመስለኛለች፤ ቀለሙን በራሷ ላይ ተቀብላ የሰው መስታወት አድናለች።

አሁን ጋዜጣ እንደ ድሮው አይገኝም፤ ቢገኝም የሚጣደፍ ቀለም ቀቢ ለመሸፈን የሚጠፋውን ግማሽ ሰዓት እንደ ኪሣራ ያየዋል። እኛ ደንበኞችም «መቼ ትደርሳለች?» እንላለን እንጂ «በምን ሸፈናችኋት?» ብለን አንጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም። ጥፋቱን ሁሉ በጋራዡ ላይ ብጭን ራሴን ማታለል ይሆናል።

በሰፈራችን ሥራ ትተው ቤት የዋሉ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ አሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። መኪናዋን አቁሜ ስጠራቸው በሩን ከፍተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያ የክዳኑን ጠባሳ በጣታቸው ነክተው «ቲነር ማን አስነካት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ቀለም ቀቢ አይደለም፤ ቀለም የያዘ ልጅ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ ከደካማው ጀምር፣ አልበቃ ሲል ብቻ ወደ ብርቱው ውጣ።

ደካማው ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ነው። ጨርቅ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ቪኒሉ ላይ አንጥፎ ጥቂት ማቆየት፤ ከዚያ ማሸት። በዚህ ብቻ ከነጩ ብዙው ተነሣ፤ ጋራዡ ውስጥ ይህን የሞከረ ሰው እንዳልነበረ ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። ከሽብሽቡ ጎድጓዳ የገባውን ጨርቅ አይደርስበትም። ለእሱ ጋሼ ከኪሳቸው ያወጡት መፋቂያ ነበር። አዎ፣ የጥርስ መፋቂያ፤ ጫፉ ታኝኮ እንደ ቡርሽ የተበተነ። በሳሙና ውሃ እየነከሩ በሽብሽቡ አቅጣጫ እንጂ ተቃራኒውን ሳይሄዱ፣ የሕፃን ጥርስ እንደሚያጸዱ ሁሉ ፋቁት። ልሙጥ በሆነው የመሪው እጅ ላይ የአውራ ጣት ጥፍርና አገልግሎቱ ያበቃ የባንክ ካርድ ጠርዝ ይበቃል። (ካርዱ የእኔ ድርሻ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ ለዚህ ሥራ ካበረከተው ሁሉ ይህ ብቻ ነው።)

እንቢ ያለውን በነጭ ጋዝ። ግን መጀመሪያ ማንም በማያየው ቦታ፣ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቪኒል ላይ ተሞክሮ፤ ጨርቁ ላይ የቪኒሉ ጥቁር ከወጣ ወዲያው ይተዋል። ካልወጣ የጨርቁን ጥግ ብቻ አርጥቦ ነጠብጣቡን ነካ ማድረግ፣ መጥረግ፣ ሳይውል ሳያድር በሳሙና ማጠብ። በሮቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ሲጋራም ክብሪትም ርቆ። አልኮልም ይሞከራል፤ ማኅተም ሲመታ የዋለ ጣቴን ማታ ማታ የማስለቅቀው በእሱ ነውና ጠባዩን አውቃለሁ፤ ቸኩሎ ይሠራል፣ ቸኩሎም ይበድላል። ሃርድነር ተደባልቆበት የጠነከረ ቀለም ከሆነ ግን እነዚህ ሁሉ አያሟሙትም፤ በጥፍርና በትዕግሥት ብቻ ይነሣል። ብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይነካም። ቶሎ መጀመርም ዋጋ አለው፤ የሳምንት ብናኝና የዓመት ብናኝ አንድ አይደሉም።

አራት እሑድ ፈጀብኝ። ወንድሜ በሁለተኛው እሑድ መጥቶ ቆመና «የአራት እሑድህ ዋጋ ከሽፋን ዋጋ አይበልጥም?» አለኝ። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው የቀረበ ከባድ ጥያቄ ነው። ሽፋን ይገዛል፣ ይለብሳል፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ግን ሽፋን ብናኙን አያነሣውም፤ ከሥሩ ያኖረዋል። ከዚያ ወዲያ መሪውን የያዘ ሰው ጨርቅ ይይዛል እንጂ አባታችን የያዘውን አይዝም። ይህን ለወንድሜ አልነገርሁትም፤ «ሽፋን በሙቀት ይሸታል» ብቻ አልሁት። እሱም እውነት ነው። በአራተኛው እሑድ ራሱ መፋቂያ ይዞ መጣ።

እየፋቅሁ ያሰብሁት ስለ ቃሉ ነበር። ፋቀ። ከሰፈሬ ማረጃ የሚወጣውን ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ ይባል ነበር፤ ቃሉም የሥራ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት እንዲህ ያለው ንቀት አገር ሊያጠፋ መሆኑን ቢያዩ ነው። የምንኮራባቸው የብራና መጻሕፍት ግን የተጻፉት በፋቂ እጅ ላይ ነው። ቆዳው በችንካር ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ስቡ ተፍቆ ካልሳሳ ፊደል አይቀበልም። ፋቂው አብዝቶ ከፋቀ ቆዳው ይበሳል፤ ጸሐፊውም ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል፤ በየገዳሙ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የያዙ ገጾች አሉ። ጸሐፊው ሲሳሳትም የተሳሳተውን ቃል በቢላ ጫፍ ይፍቀዋል፤ ቀለሙ እንዲነሣ፣ ቆዳው እንዲቀር። በአንዳንድ መጽሐፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ተጽፎበት ይገኛል። መፋቅ እንግዲህ ለእውነትም ለቅሚያም ያገለግላል፤ ጨዋ የሚያደርገው የትኛው ሽፋን የማን እንደሆነ ማወቁ ነው። እኛ ግጥም የምንሞካክር ሰዎች ይህን ከአርታኢ እጅ ቀምሰናል። አንዱ ትርፍ ቃሌን በጥፍሩ አንሥቶልኛል፤ ሌላው በቲነር አጥቦ፣ ግጥሙ ያበራል፣ ሽብሽቡ ግን የለም።

ይህን ሳሰላስል ነው ሰማያዊው የመጣው። ከማርሹ አጠገብና ከመሪው ግርጌ ያለው ነጭ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ነጠብጣብ ብቅ አለ፤ ደቃቅ፣ የደበዘዘ፣ ሰማያዊ። ሃያ ሠላሳ ጠብታ ይሆናል። ልጅ ሆኜ በዚያ ወንበር ላይ ስንቴ ተቀምጫለሁ፤ አይቼው አላውቅም። መጀመሪያ የያዘኝ ብስጭት ነበር፤ ሌላ ጋራዥ፣ ሌላ ቸልተኛ። መፋቂያውን አነሣሁና ጀመርሁ። አልነቃነቅ አለኝ።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይሄማ እሱ ራሱ ግቢ ውስጥ የቀባት ጊዜ ነው» አለች። አንተ ገና ትምህርት ቤት አልገባህም፤ ለጋራዥ የሚከፈል አልነበረም፤ ኮምፕረሰር ከጓደኛው ተውሶ ሌሊቱን ሲቀባ አደረ። «ጋዜጣው አልበቃውም። በሩን ሳይሸፍን ቀባው። የተሰጣ ልብሴንም ሰማያዊ አደረገብኝ፣ ሦስት ቀን አላናገርሁትም።» ይህን ብላ ሳቀች፤ ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ ስታወራ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

ጋሼን ደግሜ ጠየቅኋቸው። ጠብታዎቹን በጥፍራቸው ሞከሩና «ይሄ ርጥብ ሆኖ የወደቀ ነው፤ ዕድሜውም ገብቶበታል። ከቆዳው ጋር አንድ ሆኗል። እሱን ላንሣ ካልህ ቆዳውንም ታነሣለህ» አሉኝ። ከዚያም የሚያውቀኝ ሰው ድምፅ አውጥተው፣ «ምን አደረገህ?» አሉ።

ምንም አላደረገኝም። የጋራዡ ነጭም የአባቴ ሰማያዊም ከአንድ ዓይነት ቸልታ የመጡ ናቸው፤ በእጅ ያለው መሸፈኛ አልበቃም፣ ጊዜም አልነበረም። ልዩነታቸውን በቀለም ጥራት ላስረዳ ብሞክር አልችልም። ነጩን እንደ ጥፋት፣ ሰማያዊውን እንደ ቅርስ ማየቴ አድልዎ ነው የሚል ካለ አድልዎ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ግን ማንም የሚያጸዳ ሰው ያለ አድልዎ አያጸዳም፤ ክፋቱ አድልዎውን ለቲነር ሲተወው ነው፤ ቲነር አባትን ከሌላ ሰው አይለይም። ስለ ሰማያዊዎቹ ግጥም ሞክሬ ነበር። ሦስት ሌሊት ሠርቼ ቀደድኋት፤ ከጠብታዎቹ የበለጠ የምትናገረው አልነበራትም።

ባለፈው ቅዳሜ ገዢ መጣ። የተረጋጋ ሰው ነው፤ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሥሯን አየ፣ ከዚያ ገብቶ መሪውን ያዘ። ጣቱን በዳሽቦርዱ ላይ ሲያሳልፍ ወንድሜና እኔ ትንፋሻችንን ያዝን። ማርሹ ዘንድ ሲደርስ ቆመና «ይቺ ሰማያዊ ነገር ምንድን ናት?» አለ።

ወንድሜ «እሷ አትለቅም» አለው። ዋጋ ለመቀነስም፣ ለማስረዳትም ሌላ ቃል አልጨመረም።

ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ፊት ለፊት ወዳለው የዕቃ ማስቀመጫ እጁን ዘረጋ። ክዳኑ ላይ ያለችውን ልሙጥ ጠባሳ ደባብሶ ደስ አለው። «ይቺን ደግሞ በቅርብ አሳድሳችኋታል» አለን።